ሾጣጣው ሲገለበጥ ውሃው የት ላይ ይቆማል? (የዛሬው ፈተና፣ ጥያቄ 17)

የኋላ_ወንበር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የሒሳብ ፈተና ነበረን። ከክፍል ከወጣንበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጥያቄ ስንጨቃጨቅ ውለን ይኸው መሸ። ግሩፓችን ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም። እዚህ ረጋ ያለ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት።

የጥያቄ ወረቀቱን ይዘን እንድንወጣ ስለተፈቀደልን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦

«ክዳን ያለውና ቁመቱ 20 ሴ.ሜ የሆነ ሾጣጣ ዕቃ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል። 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲገባበት የውሃው ከፍታ ከጫፉ 10 ሴ.ሜ ሆነ።

1ኛ. ዕቃው ጢም እንዲል ስንት ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመርበት?
ሀ) 150 ለ) 450 ሐ) 1050 መ) 1200

2ኛ. ምንም ውሃ ሳይጨመር ዕቃው ተከድኖ፣ ተገልብጦ በክዳኑ ቢቀመጥ የውሃው ከፍታ ስንት ይሆናል?
ሀ) 10 ሴ.ሜ ለ) 2.5 ሴ.ሜ ሐ) 0.87 ሴ.ሜ ገደማ መ) መረጃው በቂ አይደለም»

ካልኩሌተር ክልክል ነበር።

1ኛው ብዙ አላጣላንም። «ቁመቱ ግማሽ ስለደረሰ ውሃውም ግማሽ ነው» ያሉ አሉ፤ እነሱን ፈጣሪ ይርዳቸው። 1200 ያሉትም «ይጨመርበት» የምትለዋን ዘለዋት ነው እንጂ ስሌቱ ገብቷቸዋል። ጦርነቱ 2ኛው ላይ ነው።

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ መ ላይ ሙጭጭ ብሏል። «የሾጣጣ ይዘት ያለ ሬድየስ አይሰላም፤ ሬድየስ ደግሞ አልተሰጠም። ጥያቄው ስህተት ነውና ለሁላችንም ማርኩ ይሰጠን» ብሎ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሯል። ሌሎቹ «ውሃው የሙሉው አንድ ስምንተኛ ነው፣ 20 ለ8 ሲካፈል 2.5» ብለው ጨርሰዋል። ሀ ያሉት ደግሞ «ውሃው የትም አልሄደ፣ ምን ሊቀየር?» ባዮች ናቸው።

የክፍላችን ሰቃይ ሐ ነው አለና ቦርሳውን አንጠልጥሎ እብስ። እንዴት ብለን ብንጠይቀው «ግልጽ ነው» አለን። ግልጽ ቢሆን እንጠይቀው ነበር?

እኔ ምን እንዳከበብኩ አልናገርም፤ ክርክሩ ወደ እኔ ይዞርና ጥያቄው ይረሳል። የኔ ጥርጣሬ ግን ይሄ ነው። ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ ይዘት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል የሚለው ሕግ የሚሠራው ለተመሳሳይ ቅርጾች ነው። ዕቃው ሲገለበጥ ውሃው ሾጣጣ አይደለማ! ታቹ ሰፊ፣ ላዩ ትንሽ ጠበብ ያለ፣ ጫፍ የሌለው ነገር ነው የሚሆነው። ታዲያ ሕጉን በምን አንጀታችን እንጠቀምበታለን?

—

ሰባራ_ማስመሪያ፦

2.5 ነው። ምን ያጨቃጭቃል? ውሃው አንድ ስምንተኛ ከሆነ ከፍታውም አንድ ስምንተኛ ነው። ያለቀለት ነገር።

—

ቀለም_ቀንድ፦

@ሰባራ_ማስመሪያ፣ ያንተ አባባል ለሲሊንደር ይሠራል፤ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ አንድ ስለሆነ። ሾጣጣ ሲገለበጥ ግን ታቹ ሰፊ ነው፣ ብዙ ውሃ በትንሽ ከፍታ ይውጣል።

በቁጥር ላሳይህ። 1ኛው ጥያቄ ላይ ሙሉው 1200 ሚሊ ሊትር መሆኑ ታውቋል፤ ማለትም 1200 ኪዩቢክ ሴ.ሜ። የሾጣጣ ይዘት የአፉ ስፋት በቁመቱ ተባዝቶ ሲሶው ነው። 1200 እንዲሆን የአፉ ስፋት ስንት መሆን አለበት? 1200 × 3 ÷ 20 = 180 ካሬ ሴ.ሜ። ፓይ የለ፣ ሬድየስ የለ፣ እንዲሁ ቁጭ አለልን።

አሁን ዕቃውን ገልብጠው። 150 ኪዩቢክ ሴ.ሜ ውሃ 180 ካሬ ሴ.ሜ ስፋት ባለው ክዳን ላይ ተኛ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢሆን ከፍታው 150 ÷ 180 = 0.83 ነበር። ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ትንሽ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ከ0.83 በጥቂቱ ይበልጣል። ምርጫዎቹን ተመልከት፦ 10፣ 2.5፣ 0.87። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ውሃው 2.5 ሴ.ሜ እንዲደርስ ደግሞ ወደ 396 ሚሊ ሊትር ያስፈልግ ነበር። የተሰጠን 150 ነው።

@የኋላ_ወንበር ወንድሜ፣ ፈተና ላይ ካልኩሌተር ከሌለ እንዲህ አጥሮ መያዝ ነው። ኪዩብ ሩት ምናምን ውስጥ ሳትገባ በግማሽ ደቂቃ ትጨርሰዋለህ።

—

የኋላ_ወንበር፦

እህትህ ነኝ።

በጣም አሪፍ ነው፣ 180 ሆኖ መውጣቱን እኔም አላየሁትም ነበር። ያንተን መልስ ለአጠገቤው ልጅ ላክሁለት። ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ! የአፉን ስፋት ከ150 ነው ያወጣችሁት። 150 ባይሰጥስ? ከዚህ በላይ ደግሞ ከ0.83 ይበልጣል ማለትና 0.87 ነው ማለት አንድ አይደለም፤ 0.95 ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል?»

አነጋገሩ ያናድዳል፣ ነገሩ ግን ፍሬ አለው። ምርጫ ባይኖር ኖሮ 0.87ን ራሳችን እናገኘው ነበር ወይ? የኔ ጥርጣሬም ገና አልተነካም፤ የተገለበጠው ውሃ ሾጣጣ አይደለም።

—

ዝምታ_ወርቅ፦

በመሀል ልግባና፣ 1ኛው ላይ 450 ከየት መጣ? ሌሎቹ ምርጫዎች ምክንያታቸው ይታየኛል፣ ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ቁጥር መሰለኝ።

—

ቀለም_ቀንድ፦

ዝም ብሎ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። ርዝመት እጥፍ ሲሆን ስፋት 4 እጥፍ ይሆናል። ይህን ይዞ ይዘትንም በ4 የሚያባዛ ሰው 600 ያገኛል፤ ያለውን 150 ሲቀንስ 450። ፈታኙ ስፋትንና ይዘትን የሚያምታታውን ተማሪ አስቦ ነው ያስቀመጠው።

4 እጥፍ የሚሆን ነገር እኮ እዚሁ ዕቃ ውስጥ አለ፤ ውሃ የነካው የውስጥ ግድግዳ። ውሃው 10 ሴ.ሜ ላይ ሲሆን የረጠበው ግድግዳ የጠቅላላው ሩብ ነው፣ ውሃው ግን የጠቅላላው አንድ ስምንተኛ። በአንድ ዕቃ፣ በአንድ የውሃ መስመር ሦስት የተለያየ መልስ፦ በቁመት ግማሽ፣ በግድግዳ ሩብ፣ በይዘት አንድ ስምንተኛ። የተጠየቅከው የቱን እንደሆነ ካላየህ አለቀልህ።

—

ባዮ_ነኝ፦

ይሄ ነገር እኛም ጋ አለ! ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የእንስሳ አጥንት አንሥቶ ተከራክሮበታል። እንስሳው ቅርጹን ሳይለውጥ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ቢያድግ ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የአጥንቱ የመስቀለኛ ቅርጥ ስፋት ግን 4 እጥፍ ብቻ። ስለዚህ እያንዳንዷ የአጥንት ቅንጣት የምትሸከመው እጥፍ ይሆናል። ትልቅ እንስሳ እግሩ ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው። ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ።

—

ሰባራ_ማስመሪያ፦

በጣም ወጣህ 😂

እሺ 2.5ን ተዉት። እኔን የገረመኝ ኪዩብ ሩት የሚፈልግ ጥያቄ አውጥቶ ካልኩሌተር መከልከል ነው። ይሄ ግፍ አይደለም? 7/8ን ኪዩብ ሩት በጣቴ ልቁጠር?

—

ጠመኔ፦

ልጆች፣ ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጭቅጭቃችሁን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ደስ ብሎኛል። ተማሪ ከፈተና በኋላ ስለ ማርክ ብቻ ሲከራከር ነው የሚከፋኝ።

@የኋላ_ወንበር፣ ልጄ፣ የጠረጠርሽው ነገር የጥያቄው እምብርት ነው። የተገለበጠው ውሃ ከዕቃው ጋር ተመሳሳይ አይደለም፣ ሕጉንም በእሱ ላይ መጫን አይቻልም። ልክ ነሽ። እንግዲያው ውሃውን ማየት ትተሽ ባዶውን ቦታ እዪ።

ከውሃው በላይ ያለው አየር ምን ዓይነት ቅርጽ ነው? ጫፉ የዕቃው ጫፍ ነው። ጎኑ የዕቃው ጎን ነው። ታቹ የውሃው ገጽ ነው፤ እሱም ከክዳኑ ጋር ትይዩ። ስለዚህ አየሩ ከዕቃው ጋር ተመሳሳይ የሆነ ሾጣጣ ነው። ዕቃው በጫፉ ሲቆም ሾጣጣው ውሃው ነበር፣ ሲገለበጥ ሾጣጣው አየሩ ሆነ። ሕጉ የትም አልሄደም፣ ባለቤቱ ነው የተቀየረው።

ውሃው አንድ ስምንተኛ ስለሆነ አየሩ ሰባት ስምንተኛ ነው። የአየሩን ቁመት ብናውቅ ከ20 ቀንሰን የውሃውን እናገኛለን። አየሩ ለሙሉው ያለው የቁመት ምጥጥን፣ ኪዩብ ሲደረግ 7/8 ይሆናል። 20 × 20 × 20 = 8000 ነው፤ የዚህ ሰባት ስምንተኛ 7000። ስለዚህ ኪዩቡ 7000 የሚሆን ቁጥር እንፈልግ።

@ሰባራ_ማስመሪያ፣ ግፉን አሁን እንየው። 19 × 19 × 19 = 6859። 7000 ለመድረስ 141 ቀረን። 19 ላይ ሆነን ቁጥሩን ትንሽ ብንገፋው ኪዩቡ በምን ፍጥነት ያድጋል? የጭማሪውን 3 × 19 × 19 እጥፍ ያህል፣ ማለትም 1083 እጥፍ። 141ን ለ1083 ብናካፍል 0.13 ገደማ። አየሩ 19.13 ሴ.ሜ ቁመት አለው፤ ለውሃው የቀረው 0.87 ነው። ወረቀት ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር ሥራ ነች። 0.95 ላለመሆኑ ዋስ የጠየቀው ልጅም ዋሱን እዚህ ያገኛል።

አሁን ወደ ሬድየሱ። ያ ልጅ ፊርማ ከማሰባሰቡ በፊት አንድ ነገር ይሞክር። የዕቃውን ቁመት ሳይነካ ወደ ጎን ብቻ እጥፍ አድርጎ ያስፋው። በየትኛውም ከፍታ ላይ ያለው ክብ ስፋቱ በ4 ይባዛል፤ ከጫፉ አጠገብ ያለውም፣ መሀል ላይ ያለውም፣ አፉም። ስለዚህ የሙሉው ይዘትም እስከ 10 ሴ.ሜ ያለው ይዘትም እኩል በ4 ተባዙ። ምጥጥናቸው 1 ለ8 እንደሆነ ቀረ። ሲገለበጥም መልሱ ያው 0.87 ነው። ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ቁመቱ 20 ሆኖ ውሃው በጫፉ በኩል 10 ላይ ከቆመ መልሱ አይነቃነቅም። አፉ ክብ መሆኑም ግድ አይደለም፤ አፉ ካሬ የሆነ ፒራሚድ ቢሆንም 0.87 ነው።

«150 ባይሰጥስ?» ላለው መልሱ ይኸው፤ ለ2ኛው ጥያቄ 150 ጭራሽ አያስፈልግም። የተሰጠው ለ1ኛው ሲባል ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የተመሳሳይ ሾጣጣዎች ይዘት እንደ ዲያሜትራቸው ኪዩብ እንደሚመጣጠን ዩክሊድ በ12ኛው መጽሐፉ አረጋግጦታል። ሾጣጣ የሲሊንደሩ ሲሶ መሆኑን መጀመሪያ ያረጋገጠው ደግሞ ዩዶክሰስ እንደሆነ አርኪሜዲስ ጽፏል። ካልኩሌተር አንዳቸውም አልነበራቸውም።

—

የኋላ_ወንበር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን! «ባዶውን ቦታ እዪ» የሚለውን ሳነብ ነው የበራልኝ። ሰቃያችን «ግልጽ ነው» ከሚለን ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢወረውርልን ምን ነበረበት።

ግን አንድ ነገር አሁንም ይከነክነኛል። ስሌቱ ገብቶኛል፣ ዓይኔ ግን አላመነም። 10 ሴ.ሜ የነበረ ውሃ ወደ 0.87 ሲወርድ እንዲሁ ሳስበው የተደፋ ነው የሚመስለኝ።

—

ጠመኔ፦

ለዓይንሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ዕቃው ጫፉ ወደ ታች ቆሞ ሳለ 150 ሚሊ ሊትር እየለካሽ ጨምሪበትና በየጊዜው ውሃው የደረሰበት ላይ መስመር አስምሪ። ዕቃው ስምንት ጊዜ ሲጨመርበት ይሞላል። መስመሮቹ ከጫፉ ስንት ሴ.ሜ ላይ እንደሚያርፉ ላስቀምጥልሽ፦

150 — 10.00
300 — 12.60
450 — 14.42
600 — 15.87
750 — 17.10
900 — 18.17
1050 — 19.13
1200 — 20.00

የመጀመሪያው 150 ብቻውን 10 ሴ.ሜ ወሰደ። ሁለተኛው 2.60 ብቻ። ሦስተኛው 1.82። እንዲህ እየጠበበ ሄዶ የመጨረሻው 150 ከ19.13 እስከ 20 ያለችውን ይዟል፤ 0.87!

ዕቃው ሲገለበጥ ውሃው የሚተኛው የት ነው? በክዳኑ በኩል፣ ማለትም የመጨረሻው 150 በነበረበት ቦታ። ከዕቃው ምንም አልተደፋም፤ ከጠባቡ ጥግ ተነሥቶ ወደ ሰፊው ወለል ተዛወረ እንጂ። መስመሮቹ ታች የተራራቁት፣ ላይ የተጨናነቁትም ለዚሁ ነው። ሾጣጣ መለኪያ ላይ መስመሮቹ እኩል ተራርቀው ካየሽ መለኪያውን አትመኚው።

—

ቀለም_ቀንድ፦

ጋሼ ይሄኛውማ ከስሌቱም በለጠ። እኔ 0.83 ላይ ቆሜ «ትንሽ ይበልጣል» ብዬ ነበር ያለፍኩት፤ ሰንጠረዡ ራሱ መልሱን ይዞ እንደተቀመጠ አላሰብኩም።

—

የኋላ_ወንበር፦

የአጠገቤው ልጅ ሁሉንም አነበበ። ፊርማውን ስለማቆም ምንም ትንፍሽ አላለም፤ በዚያ ፈንታ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። «እሺ፣ ውሃው በጫፉም ሲቆም ተገልብጦም ከፍታው እኩል የሚሆንበት መጠን አለ? ግማሽ ላይ እኩል መሆን አለበት» ይላል። እኔም ግማሽ ላይ ይሆናል የሚል ስሜት አለኝ፣ ግን ጋሼ ያስቀመጡት ሰንጠረዥ ላይ ግማሹ (600) 15.87 ነው።

—

ቀለም_ቀንድ፦

ይህቺን ለኔ ተዉልኝ።

የዕቃውን ቁመት 1 እንበለው፣ የውሃውን ከፍታ ደግሞ «ከ»። በጫፉ ሲቆም የውሃው ድርሻ ከ³ ነው። ተገልብጦ በዚያው ከፍታ እንዲቆም የአየሩ ቁመት 1 − ከ መሆን አለበት፤ የአየሩ ድርሻ (1 − ከ)³። ውሃና አየር ተደምረው ሙሉውን መስጠት ስላለባቸው፦

ከ³ + (1 − ከ)³ = 1

ቅንፉን ስትዘረጊው 1 − 3ከ + 3ከ² − ከ³ ይሆናል። ከፊት ያለው ከ³ ከኋላው ጋር ይጣፋል፤ የሚቀረው 1 − 3ከ + 3ከ² = 1፣ ማለትም ከ² = ከ። ይህን የሚያሟሉት 0 እና 1 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከፍታው እኩል የሚሆነው ዕቃው ባዶ ሲሆን ወይም ጢም ሲል ነው። በመካከል የለም። ንገሪው።

ግማሹ ላይ (600) በጫፉ ሲቆም 15.87፣ ሲገለበጥ 4.13 ነው።

—

ዝምታ_ወርቅ፦

15.87 + 4.13 = 20። አጋጣሚ ነው?

—

ጠመኔ፦

አይደለም። ግማሽ ላይ ውሃውና አየሩ እኩል ናቸው። በጫፉ በኩል ያለው እኩሌታ ሁልጊዜ 15.87 ቁመት አለው፤ ሲቆም ውሃው ይይዘዋል፣ ሲገለበጥ አየሩ ይይዘዋል። ስለዚህ የሁለቱ የውሃ ከፍታዎች ድምር የግድ 20 ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ድምሩ ከ20 ያንሳል፤ በፈተናው 150 ላይ 10 + 0.87 = 10.87 ነው። ከግማሽ በላይ ከሆነ ይበልጣል። 1050 ላይ ሞክሩትና ምን እንዳገኛችሁ ጻፉ፤ ካልኩሌተር አትንኩ።

—

የኋላ_ወንበር፦

1050፦ በጫፉ ሲቆም ከሰንጠረዡ 19.13። ሲገለበጥ አየሩ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ 150 የሚይዘው ሾጣጣ ደግሞ ቁመቱ 10። ስለዚህ ውሃው 20 − 10 = 10። ድምር 29.13።

ኧረ ቁጥሮቹ እኮ የ150ው ናቸው! እዚያ ውሃው 10 ሲሆን አየሩ ተገልብጦ 19.13 ነበር፣ እዚህ ቦታ ተለዋወጡ።

—

ሰባራ_ማስመሪያ፦

300 እና 900ም እንደዚሁ ናቸው። 300 ተገልብጦ 20 − 18.17 = 1.83፤ 900 ተገልብጦ 20 − 12.60 = 7.40። ሰንጠረዡን ከላይም ከታችም ማንበብ ነው።